«ሱዝ»፦ እንግሊዝኛ ጥሎት ያለፈው የእውነት ቃል

ዛሬ በእንግሊዝኛ «እውነት» ለማለት የሚነሣው ቃል «ትሩዝ» ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ግን እንግሊዛዊው ወንጌል ሲተረጉም፣ ግጥም ሲገጥም ወይም የሆነውን ነገር እንደሆነ ሲመሰክር የሚጠራው ቃል «ሱዝ» ነበር። «ትሩዝ» በዚያም ዘመን ነበረ፤ ሥራው ግን ሌላ ነበር፤ ነገሩ እንደተባለው መሆኑን ሳይሆን ተናጋሪው ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መሆኑን ይገልጽ ነበር። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲኖሩ ቆይተው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሥራ ደርቦ ያዘ፤ የመጀመሪያውም እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ከዕለት ተዕለት ንግግር ወጣ።

ታሪኩ የቋንቋ አጥኚዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ2016 «ፖስት ትሩዝ» የሚለውን የዓመቱ ቃል አድርገው ሲመርጡ የሰጡት ፍቺ፣ የሕዝብን አስተያየት በመቅረጽ ረገድ ተጨባጭ ማስረጃ ከስሜትና ከግል እምነት ያነሰ ጉልበት የሚኖረውን ሁኔታ የሚመለከት ነበር። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ በሚካሄዱት ክርክሮች አንዱ ወገን «ትሩዝ» ሲል ማስረጃ ማለቱ ነው፤ ሌላው ወገን በዚያው ቃል ቅንነትንና ታማኝነትን ይጠራል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ሳይግባቡ ይለያያሉ። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ውስጥ እንዴት ሊገናኙ እንደቻሉ የሚታወቀው የ«ሱዝ»ን መነሻና አወዳደቅ በመከተል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ እንዴት ይነበባል? በየትኛውስ ዘመን ይነገር ነበር?

የእንግሊዝኛ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ይከፈላል። ከ5ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንሥቶ እስከ 1100 ገደማ የተነገረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ እስከ 1500 ገደማ ያለው መካከለኛ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ ዘመናዊ እንግሊዝኛ ይባላል። ቃላችን በመጀመሪያው ዘመን ረዘም ባለ «ኦ» ድምፅ «ሶዝ» ተብሎ ይነበብ ነበር። በተለይ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የቋንቋው ረጃጅም አናባቢዎች በአጠቃላይ ሲለወጡ «ሶዝ» «ሱዝ» ሆነ፤ ጥርስን የሚያመለክተው ቃልም በዚሁ መንገድ ከ«ቶዝ» ወደ «ቱዝ» ተሸጋግሯል። የመጨረሻው ድምፅ ምላስን በጥርሶች መካከል አድርጎ ትንፋሽ በማሾለክ የሚወጣ ስለሆነ በፊደላችን ትክክለኛ ወኪል የለውም። እዚህ «ዝ» የተባለው «ስሚዝ» የሚለውን ስም በምንጽፍበት ልማድ ነው።

ቃሉ ስምም ቅጽልም ሆኖ ያገለግል ነበር፤ «እውነት» የሚባለውም «እውነተኛ» የሚባለውም በእርሱ ነው። በ1000 ዓመት ገደማ በተጻፈ የብራና መጽሐፍ የተገኘው «ቤዎልፍ» የተባለው የጀግና ግጥም፣ ኃያሉ አምላክ የሰውን ዘር ምንጊዜም እንደሚገዛ ሲናገር «ሶዝ ተገልጧል» ብሎ ይጀምራል። በሌላ የዚያ ዘመን ግጥም አንድ የባሕር ተጓዥ ስለ ደረሰበት መከራ ሊተርክ ሲነሣ በመጀመሪያው ስንኝ ስለ ራሱ «ሶዝዬድ» ማለትም እውነተኛ ዜማ እንደሚያሰማ ያስታውቃል። በሁለቱም ቦታ ቃሉ የሚያረጋግጠው ነገሩ በእርግጥ የነበረና ያለ መሆኑን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚነግረን የወንጌሉ ትርጉም ነው። በ1000 ዓመት አካባቢ በምዕራብ ሳክሶን ቀበልኛ የተዘጋጀው የአራቱ ወንጌላት ትርጉም፣ ክርስቶስ ንግግሩን የሚጀምርበትን «አሜን» የሚለውን ቃል በ«ሶዝ» ወይም ከእርሱ በወጣው «ሶዝሊቼ» በሚለው ይመልሰዋል፤ የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እውነት እውነት እላችኋለሁ» የሚልበት ቦታ ነው። ረቂቅ የሆነው የእውነተኛነት ጽንሰ ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ ተርጓሚዎቹ «ሶዝ»ን «ፋስት» ከሚለው ቃል ጋር አጣምረው «ሶዝፋስትነስ» የሚል ስም ይጠቀማሉ። «ፋስት» በዚያ ዘመን «ፈጣን» ሳይሆን «ጽኑ» ማለት ስለነበረ ጥምረቱ በእውነት መጽናትን ያመለክታል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ክርስቶስ «እኔ መንገድና እውነት ሕይወትም ነኝ» ሲል፣ በምዕራፍ 18 ደግሞ ጲላጦስ «እውነት ምንድር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በሁለቱም ቦታ የምናገኘው ይኸው «ሶዝፋስትነስ» ነው።

ከየት የመጣ ቃል ነው?

የቋንቋ ሊቃውንት ዘመድ ቋንቋዎችን በማነጻጸር ተመልሰው እንደሠሩት ከሆነ፣ የቃሉ ሥር «መሆን» የሚለው ግስ ነው። ከአብዛኞቹ የአውሮፓ ቋንቋዎችና ከሰሜን ሕንድ ቋንቋዎች በፊት በነበረው የጋራ እናት ቋንቋ ውስጥ «እየሆነ ያለ» ወይም «ያለው» የሚል ትርጉም የነበረው ቅርጽ በአንድ በኩል የጥንታዊ እንግሊዝኛውን «ሶዝ»፣ በሌላ በኩል የሳንስክሪቱን «ሳትያ» አስገኘ። ሕንድ ጥር 26 ቀን 1950 ብሔራዊ መፈክሯ አድርጋ የተቀበለችው «እውነት ብቻ ያሸንፋል» የሚለው የሳንስክሪት ሐረግ የሚጀምረው በዚሁ የ«ሱዝ» የሩቅ ዘመድ ነው። ለእነዚህ ሕዝቦች የጥንት አባቶች እውነት ማለት ያለው ነገር ነበር፤ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን ነገሩ አለ ወይም የለም።

ቃሉን ከሌሎች የጀርመን ቤተሰብ ቋንቋዎች ጋር ስናስተያየው «ሶዝ» አንድ ፊደል እንደጎደለው እናያለን። በዴንማርክ ቋንቋ ዛሬም እውነተኛ ማለት «ሳንድ» ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን «ን» የለም። ምክንያቱ በጥንት ዘመን እንግሊዝኛና የቅርብ ጎረቤቶቹ እንደ «ስ»፣ እንደ «ፍ» እና እንደዚያ የጥርስ ድምፅ ካሉ የትንፋሽ ድምፆች በፊት የሚመጣን «ን» እየዋጡ ከፊቱ ያለውን አናባቢ ማስረዘማቸው ነው። ዝይ በጀርመንኛ «ጋንስ» ስትሆን በእንግሊዝኛ «ጉስ» ናት፤ አምስት በጀርመንኛ «ፊዩንፍ» ሲሆን በእንግሊዝኛ «ፋይቭ» ነው። «ሳንድ» እና «ሱዝ» ጨርሶ የማይመሳሰሉ ቢመስሉም የሚለያያቸው ይህ አንድ ለውጥ ነው።

ከዚሁ ሥር ስለወጣ አንድ ሌላ ዘመድ በጨረፍታ ማንሣት ይገባል። በላቲን «ሶንስ» ማለት ጥፋተኛ ማለት ነው፤ «ያ ሰው እርሱ ነው» ከሚል ፍርድ የተወለደ ትርጉም እንደሆነ ይታመናል። ኃጢአትን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛው «ሲን» የሚለው ቃልም ከዚህ ወገን ሳይሆን አይቀርም። እውነትና በደለኛነት ከአንድ ሥር መብቀላቸው የሚያስገርም ቢመስልም፣ በፍርድ አደባባይ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ማለት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መናገር ነው።

«ትሩዝ»ስ በዚያ ዘመን ምን ይሠራ ነበር?

የ«ትሩዝ» ጥንታዊ ቅርጽ «ትሬውዝ» ሲሆን ትርጉሙ ታማኝነት፣ የተሰጠ ቃል፣ ኪዳን ነበር። የቅርብ ዘመዶቹ ይህን በግልጽ ያሳያሉ፤ መተማመንን የሚያመለክተው «ትረስት» እና የተኩስ አቁም ስምምነትን የሚያመለክተው «ትሩስ» ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ባልና ሚስት በሠርጋቸው ቀን የሚለዋወጡት የእምነት ቃል «ትሮዝ» ይባላል፤ ይህም የራሱ የ«ትሩዝ» ሌላ አነባበብ እንጂ የተለየ ቃል አይደለም። በ1549 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ሙሽሮቹ «ትሮዜን እሰጥሃለሁ፣ እሰጥሻለሁ» እንዲባባሉ ያዝዛል፤ የጥንቱን ሥርዓት በሚጠብቁ አብያተ ክርስቲያናትም አሁን ድረስ ይሰማል። በዚህ መሐላ ውስጥ ስለ ማስረጃ የሚናገር አንድም ነገር የለም፤ ሰው ራሱን ማስያዙ ነው።

እንዲህ ያለው ታማኝነት በፍርድ ቤት ምን ያህል ይመዝን እንደነበር ለዛሬ አንባቢ ማስረዳት ቀላል አይደለም። በጥንታዊቷ እንግሊዝ አንድ ሰው ሲከሰስ በብዙ ጉዳዮች የሚጠበቅበት የሆነውን ነገር ማስረዳት ሳይሆን መማል ነበር፤ ከእርሱ ጋር ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች ቀርበው መሐላው «ንጹሕና ሐሰት የሌለበት» መሆኑን ይምሉለታል። እነዚህ የመሐላ ረዳቶች ወንጀሉ ሲፈጸም አዩ ወይስ አላዩም ተብለው አይጠየቁም፤ የሚመሰክሩት ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ድርጊቱ አልነበረም። ሥርዓቱ በኋላ ለዕዳና ለመሳሰሉት ክርክሮች ብቻ ተወስኖ፣ ተከሳሹን ጨምሮ 12 ሰው የሚምልበት ሆኖ ቀጠለ፤ በሕግ የተሻረውም እጅግ ዘግይቶ በ1833 ነው። በእንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ውስጥ «ትሩዝ» የሌለው ሰው ማለት የተሳሳተ ሰው ሳይሆን ጎረቤቶቹ የማይምሉለት ሰው ነው።

በ1381 የተነሣውን የገበሬዎች አመፅ የመዘገበ ዜና መዋዕል፣ አማፅያኑ «ከማን ጋር ነህ?» ብለው ሲጠይቁ ትክክለኛው መልስ «ከንጉሥ ሪቻርድና ከትሩ ሕዝብ ጋር» የሚል እንደነበረ ይናገራል። «ትሩ» እዚህ ላይ ታማኝ ማለት ነው፤ አማፅያኑ ሕዝቡ እውነተኛ መረጃ አለው ማለታቸው አልነበረም። በዚያው አመፅ ጊዜ ከተሠራጩት ደብዳቤዎች አንዱ «ትሩማን» በሚል የብዕር ስም የተጻፈ ሲሆን፣ ሐሰትና ተንኮል ለረጅም ጊዜ እንደነገሡ፣ «ትሩዝ»ም በቁልፍ እንደተዘጋበት ያማርራል። ደብዳቤውን ዛሬ የሚያነብ ሰው ስለ ተደበቀ ምሥጢር የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። ጸሐፊው ግን ያዘነው ጌቶችና ሹማምንት የሚገባቸውን ታማኝነት በማጉደላቸው ይመስላል።

ለውጡ መቼና እንዴት ታየ?

ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምስክር አሁንም ወንጌሉ ነው። ጆን ዊክሊፍና ተከታዮቹ በ1380ዎቹ መጽሐፍ ቅዱስን ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት «ሶዝፋስትነስ» ይባል የነበረውን «ትሩዝ» አሉት። የክርስቶስም ንግግር የጲላጦስም ጥያቄ ያው ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ነው። በመካከሉ ባሉት ዘመናት የታማኝነቱ ቃል ቀስ በቀስ ተስፋፍቶ፣ ከሚታመን ሰው አፍ የሚወጣውን ነገር፣ ከዚያም ማንም ቢናገረው እውነት የሆነውን ነገር ሁሉ ወደ መሰየም ደረሰ።

በ1400 የሞተው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በዚህ መሸጋገሪያ ላይ የቆመ ጸሐፊ ስለሆነ ሁለቱን ቃላት በአንድ አጭር ግጥም ውስጥ ያጣምራቸዋል። የመጀመሪያው ስንኝ አንባቢውን ከግርግር ሸሽቶ ከ«ሶዝፋስትነስ» ጋር እንዲኖር ይመክረዋል፤ በየአንጓው መጨረሻ የሚመላለሰው አዝማች ደግሞ «ትሩዝ ነጻ ታወጣሃለች፣ አትጠራጠር» ይላል። አዝማቹ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የተወሰደ መሆኑ ግልጽ ነው። አሮጌው ቃል በመግቢያው፣ አዲሱ በአዝማቹ መቀመጡ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ያም ሆኖ የዘመኑን ሁኔታ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ገጽ ማግኘት ያስቸግራል።

በሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች መካከል ያለው ርቀት ጎልቶ የሚታየው ግን ቾሰር በ«ካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ባስገባው በአንድ ታሪክ ነው። ባሏ ባሕር ተሻግሮ የሄደባት ዶሪገን የተባለች ሴት በብሪታኒ ጠረፍ ያሉት ጥቁር ድንጋዮች የባሏን መርከብ እንዳይሰብሩ እየፈራች ትኖራለች። አንድ ወጣት በፍቅሯ ተይዞ ሲለምናት፣ ከጠረፉ ላይ ድንጋዮቹን በሙሉ ካነሣልኝ እወድሃለሁ ብላ በቀልድ ትመልስለታለች። ወጣቱ ብዙ ገንዘብ ሊከፍል ተዋውሎ አንድ አስማተኛ ያመጣል፤ አስማተኛውም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ድንጋዮቹ የጠፉ እንዲመስሉ ያደርጋል። በዚህ መካከል የተመለሰው ባል ጉዳዩን ሲሰማ እያለቀሰ ሚስቱን ሂጂ ይላታል፤ ምክንያቱንም «ሰው ሊጠብቀው ከሚችለው ሁሉ ከፍተኛው ነገር ትሩዝ ነው» ሲል ይናገራል።

የዛሬ አንባቢ እዚህ ላይ መቃወሙ አይቀርም። ድንጋዮቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ የጠፉ መሰሉ እንጂ አልጠፉም፤ ስለዚህ ቅድመ ሁኔታው አልተሟላምና ቃሏ አያስራትም ሊል ይችላል። ይህ ክርክር የ«ሱዝ» ክርክር ነው፤ በነገሩ መኖርና አለመኖር ላይ ይቆማል። ባልየው ግን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዶ ድንጋይ አይቈጥርም። ለእርሱ የሚያሳስበው ሚስቱ ቃል መስጠቷ ነው፤ የተሰጠ ቃል መጠበቅ አለበት። «ትሩዝ» ባሕሩ ላይ ምን እንዳለ ከመመርመሩ በፊት የነበረው ትርጉሙ ይህ ነው። (ታሪኩ በሰላም ያልቃል፤ ወጣቱ በባልየው ደግነት ልቡ ተነክቶ ሴቲቱን ይለቃታል፤ አስማተኛውም ገንዘቡን ይምረዋል።)

ያጠፋው ፈረንሳይኛ አይደለም እንዴ?

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው እንዲህ ነው፤ ግምቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የመንግሥት፣ የሕግና የቤተ ክህነት ቃላት በብዛት ከእነርሱ ቋንቋ ገብተዋል። እውነትን የሚያመለክተው «ቬሪቲ» የሚለው ቃልም በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በዚሁ መንገድ መጥቷል። ሆኖም «ቬሪቲ» የተማሩ ሰዎች ቃል ሆኖ ቀረ እንጂ የ«ሱዝ»ን ቦታ አልወረሰም። ቦታውን የወረሰው «ትሩዝ» እንደ «ሱዝ» ሁሉ ጥንታዊና አገር በቀል ስለሆነ፣ ነገሩ የውጭ ቋንቋ ወረራ ሳይሆን በአንድ ቤት ልጆች መካከል የተደረገ ሽግግር ነው።

የመካከለኛው ዘመን ሕግና ሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ለሽግግሩ ከሚያቀርቧቸው ማብራሪያዎች የሚያመዝነው የጽሑፍ ማስረጃ መስፋፋት ነው። ቀድሞ መሬት ሲተላለፍ ሻጩ ከመሬቱ ላይ ጓል አፈር ወይም ቅርንጫፍ አንሥቶ በምስክሮች ፊት ለገዢው ያስረክብ ነበር፤ ውሉም በተመልካቾቹ ትዝታና በተዋዋዮቹ ታማኝነት ላይ ያርፍ ነበር። በ12ኛው፣ በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰነዱና ማኅተሙ እየበዙ ሲሄዱ፣ ዳኛው የሚመለከተው የተከራካሪውን ማንነት ሳይሆን የተጻፈውን ሆነ። የቀድሞው የመተማመን ሥርዓት ሲናወጥ ሰዎች ስለ «ትሩዝ» ከምንጊዜውም በላይ መናገርና መጻፍ ጀመሩ፤ ቃሉም ከሰው ወደ ሰነድ፣ ከኪዳን ወደ ማስረጃ ተጎተተ።

በበኩሌ ማብራሪያው አሳማኝ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ብቻውን ግን የሚበቃ አይመስለኝም። «ትሩዝ» አዲስ ትርጉም ለምን እንዳገኘ ይነግረናል እንጂ «ሱዝ» ለምን ጎኑ ሆኖ መቀጠል እንዳልቻለ አይነግረንም። ለዚህ የቋንቋውን የራሱን ባሕርይ ማየት ይሻላል። «ትሩዝ» ከ«ትሩ»፣ ከ«ትረስት» እና ከ«ትሮዝ» ጋር በየዕለቱ የሚነገር ሰፊ ቤተሰብ ነበረው፤ «ሱዝ» ግን ከራሱ ውላጆች በቀር በቋንቋው ውስጥ በግልጽ የሚታወቅ ዘመድ አልነበረውም፤ ከ«መሆን» ግስ ጋር ያለውን ዝምድናም ከጥንት ጀምሮ ተናጋሪ ሁሉ ረስቶታል። ሁለት ቃላት ለአንድ ሥራ ሲሻሙ ዘመድ የበዛለት ብዙ ጊዜ ይረታል።

«ሱዝ» ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

ጠገራ ብር ከገበያ ከወጣ በኋላ ቀልጦ መስቀል፣ ተበስቶም የአንገት ጌጥ እንደሆነ ሁሉ፣ «ሱዝ»ም መገበያያነቱን አጥቶ በጥቂት ጥምር ቃላትና ሐረጎች ውስጥ ቀረ። በእያንዳንዱ ያገኘው ዕጣ ግን የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው «ሱዝሴየር» ነው። ቃል በቃል «እውነት ተናጋሪ» ማለት ሲሆን በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ በቀጥተኛ ትርጉሙ ይሠራበት ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ አንድ ግጥም እውነት ተናጋሪውን ሰው «ሶዝሰገር» ብሎ ከዝምታ ጋር ያሟግተዋል፤ ዝምታ ከጌቶች ዘንድ ሹመት ሲያገኝ እውነት ተናጋሪው ግን በሄደበት ይገፋል። ቀስ በቀስ ቃሉ ከሰው የተሰወረውን እውነት፣ በተለይም ገና ያልመጣውን የሚናገር ሰው መጠሪያ ሆነ። በ1599 በተደረሰው የሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ቄሳርን ከመጋቢት አጋማሽ ተጠንቀቅ የሚለው ሰው የሚጠራው በዚህ ስም ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 13 በለዓምን ሲጠቅስ፣ አማርኛው ምዋርተኛ የሚለውን በዚሁ ቃል ይተረጉመዋል። በሁለት መቶ ዓመት ተኩል ውስጥ የእውነት ተናጋሪው ስም የጠንቋይ ስም ሆኖ አረፈ።

ሁለተኛው «በእርግጥ» የሚል ትርጉም የነበረው «ፎርሱዝ» ነው። የዊክሊፍ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው ትርጉም የላቲንን አያያዦች ለመመለስ ይህን ቃል እጅግ ደጋግሞ ስለተጠቀመበት ክብደቱ ሳይቀንስ አልቀረም። በሼክስፒር ዘመን «በሱዝ» ብሎ መማል እንደ ለዘብተኛ፣ እንዲያውም እንደ ልፍስፍስ መሐላ ይታይ እንደነበር የሚያሳይ አስቂኝ ቦታ አለ። በ«ሄንሪ አራተኛ» የመጀመሪያ ክፍል ሆትስፐር የተባለው ቁጡ ጦረኛ ሚስቱ «በሱዝ» ስትል ሰምቶ፣ እንደ ጣፋጭ ሠሪ ሚስት ትምያለሽ ብሎ ያፌዝባታል፤ እንደ እመቤትነትሽ አፍ የሚሞላ መሐላ ማዪ፣ «በሱዝ»ን ለእሑድ ቀን ከተሜዎች ተዪላቸው ይላታል። ዛሬ «ፎርሱዝ» ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ምፀት ነው፤ ጸሐፊው የጠቀሰውን ነገር እንደማያምነው ያሳውቅበታል። «በእውነት» ይል የነበረው ቃል «እውነት ነው ብለውኝ እኮ ነው» ወደሚል ዘወርዋራ ፌዝ ተለውጧል።

ሦስተኛው ከሁሉ የራቀ መንገድ የሄደ ነው። ከስሙ የወጣው ግስ በጥንታዊ እንግሊዝኛ እውነትነቱን ማረጋገጥ ማለት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሰው የተናገረውን «አዎ፣ ልክ ነው» እያሉ ማጽደቅ፣ ከዚያም ለማስደሰት ሲሉ ብቻ ማጽደቅ፣ ማለትም መሸንገል ሆነ። ከላይ የተጠቀሰው ሆትስፐር በዚያው ተውኔት የ«ሱዘሮችን» ምላስ እንደሚንቅ ሲናገር ሸንጋዮች ማለቱ ነው። ሲሸነገል የሚውል ሰው ቁጣው ይበርዳልና በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግሱ ማረጋጋት፣ ማባበል፣ ሕመም ማስታገስ የሚል ትርጉም ይዞ ዘመናዊው «ሱዝ» የተባለው ግስ ሆነ። በፊደላችን ከስሙ ጋር አንድ ዓይነት ቢጻፍም በእንግሊዝኛ የመጨረሻው ድምፅ ነዘር ይላል። ዛሬ በሕፃናት ቅባትና በጉሮሮ ከረሜላ ማሸጊያ ላይ ይህን ግስ የሚያነብ ሰው አንድ ጊዜ ማረጋገጫ መስጠት ማለት እንደነበረ የሚያስብበት ምክንያት የለውም።

ዛሬ የት ልናገኘው እንችላለን?

ራሱ «ሱዝ» የተባለው ስም በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተራ አነጋገር ወጥቶ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዋልተር ስኮትን የመሳሰሉ ደራስያን ለጥንት ታሪኮቻቸው የድሮ ቃና ለመስጠት መልሰው አነሡት፤ ስለዚህም ዛሬ በግጥምና በታሪካዊ ልቦለድ ውስጥ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ጌጥ ነው። ትርጉሙ ምን ያህል ደብዝዞ እንደነበረ ከባለቅኔው ጆን ኪትስ ይታያል። ከእርሱ የቀደመው ባለቅኔ ሚልተን በ1634 «ሱዝ» ያለው እረኛ እውነተኛ እረኛ ነበር፤ ኪትስ ግን በ1820 ባሳተመው ግጥም ከወተት እርጎ ይልቅ «ሱዝ» የሆነ ጣፋጭ ሲል ለስላሳ ማለቱ ነው፤ ስሙንና ግሱን ቀላቅሎታል።

ከዚህ ጋር ሳይያያዝ መቅረት የሌለበት የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው። ከተራ ዜጎች የሚመረጠው የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) የሚሰጠው ውሳኔ በእንግሊዝኛ «ቨርዲክት» ይባላል፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን አካላቱ «እውነት» እና «የተነገረ» ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ለዚህ ጉባኤ አገልግሎት ሲጠራ ከመመረጡ በፊት የሚያልፍበት የጥያቄ ሂደት «ቯር ዲር» ይባላል፤ ይህም ከዚያው ቋንቋ «እውነት መናገር» ማለት ነው። በአሠራር ከ«ሱዝሴየር» ምንም አይለዩም። ሦስቱም እውነትንና መናገርን ያጣምራሉ፤ ሁለቱ በፍርድ ቤት ሲከበሩ አገር በቀሉ ግን ወደ ጥንቆላ ቤት ተልኳል።

በእንግሊዝ ምድር ያረጀው ቃል በሰሜን አውሮፓ ዛሬም ሕያው ነው። በስዊድንና በኖርዌይ እውነት የሆነው ነገር «ሳንት» ይባላል፤ ይህም ያ የተዋጠው «ን» ያልጎደለበት የ«ሱዝ» ወንድም ነው። በኦስሎ ወይም በበርገን የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ኖርዌጂያን ጎረቤቱ በየንግግሩ መጨረሻ «ኢኬ ሳንት?» ሲል በቀን ብዙ ጊዜ ይሰማዋል፤ «እውነት አይደለም?» ማለት ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ በዚያ ቦታ «አይደል?» ይል ነበር።